የእናቴ ፊት በሁለት ካሜራ

እናቴ ማንበብም መጻፍም አታውቅም ነበር። ጎንደር ለቀረችው ታላቅ እህቴ የምትልከው ደብዳቤ ፎቶዋ ነው። በስልክ ሲገናኙ ሁለቱም ስለሚያለቅሱ ካርዱ ሳይጠጋገቡ ያልቃል። ፎቶ ግን በእጅ ይያዛል፣ ትራስ ሥር ይቀመጣል፣ ለጎረቤት ይታያል። ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው በተገኘ ቁጥር እናቴ ከስንቁና ከልብሱ በፊት የምትጠይቀኝ ፎቶዋ ታትሞ መድረሱን ነበር።

ወደ እስራኤል የመጣነው እሷና እኔ ብቻ ነን። እህቴ ባለትዳር ስለሆነች ፋይሏ ከእኛ ተለይቶ ተያዘ፤ በባሏ ወገን ያለው የአይሁድ ዘር ነገር ገና ይጣራል ተባለ። ትንሽ ቆይታ ትከተላችኋለች ብለው አሳፈሩን። እኛ አፉላ ከተማ ደርሰን ጊቫት ሃሞሬ በሚሉት፣ ሸለቆውን ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ቤት አገኘን። እኔ ታች ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ የፕላስቲክ ክዳን የሚሠራ ፋብሪካ በፈረቃ ገባሁ። እናቴ ጡረታዋን እየተቀበለች ቤት ትውላለች። የእህቴ መልስ ግን በየዓመቱ «ይጠብቁ» እንደሆነ ቀረ።

እናቴ ፎቶ የምትነሳበት ሰዓት አንድ ብቻ ነበር፦ ዓርብ፣ ሰንበት ሊገባ ሲል። በአዘቦት ቀን ካሜራ ካሳየኋት ፊቷን በሻሿ ትሸፍናለች። ልጄ አመድ ለብሼ እንድታየኝ ነው ወይ የምትፈልግ ትለኛለች። ዓርብ ግን ቤቱን ጠርጋ፣ የሰንበቱን ምግብ ሠርታ፣ ገላዋን ታጥባ፣ ነጩን ቀሚሷን ለብሳ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ያን ሁሉ ስትጨርስ ፀሐይዋ ከሸለቆው ማዶ ልትገባ ጥቂት ይቀራታል። ሻማው ከበራ በኋላ ደግሞ ካሜራ የሚባል ነገር አይነካም። እንግዲህ ፎቶ ለማንሳት ያለን ከነጭ ቀሚሱ እስከ ሻማው ያለችው ሩብ ሰዓት ነበረች፤ ብርሃኑም ከጣሪያው አምፖልና ከመስኮቱ የተረፈው ነው። ፍላሽ እንዳልጠቀም ደግሞ ዓይኗን ቀዶ ሕክምና ከተደረገች ወዲህ ብልጭታ አትችልም፤ እንደ መርፌ ይወጋኛል ትላለች።

በሰው የፊልም ካሜራ ሞክሬ ሁለት ጊዜ ጨልሞ ወጣ። ያኔ ዲጂታል ካሜራ በየሱቁ መስታወት ውስጥ መደርደር የጀመረበት ጊዜ ነው። ከደሞዜ ላይ አስቀምጬ አንድ ዓርብ ጠዋት ከማታ ፈረቃ ወጥቼ፣ ሳልተኛ፣ ከተማ መሃል ካለ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገባሁ።

ሻጩ ሁለት ካሜራ አወጣልኝ። አንዷ የክብሪት ሣጥን የምታክል፣ ብርማ፣ የምታምር ናት። ሌላው ጥቁር፣ ወፍራም፣ ሌንሱ የሚፈታ ነው። ብርማዋ ስምንት ሚሊዮን ነጥብ፣ ፒክስል የሚሉትን፣ ታነሳለች አለኝ፤ ጥቁሩ ስድስት። የጥቁሩ ዋጋ ግን የብርማዋ እጥፍ ነበር። ዕብራይስጤ ያን ጊዜ ገና ስለሚያነክስ ከንግግሩ ውስጥ በደንብ የገባኝ ቁጥሩ ብቻ ነው። ለስድስት የስምንትን እጥፍ የሚያስከፍለኝ አዲስ መጤ መሆኔን አይቶ ነው ብዬ በልቤ ተቀየምኩት። ብርማዋን ገዛሁና እንዳልተታለለ ሰው ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

የዚያኑ ቀን ሻማው ሳይበራ እናቴን አነሳኋት። በካሜራዋ ጀርባ ባለችው ትንሽ መስታወት ላይ አየናት፤ ቆንጆ ሆናለች። እናቴ መነጽሯን አድርጋ፣ ጣቷን ሳታስነካ፣ ራሷን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። «አርጅቻለሁ እንጂ ደህና ነኝ» አለች። እሑድ ፎቶ ቤት ሄጄ ተለቅ ባለ ወረቀት አሳተምኩት። ሲወጣ ፊቷ ላይ አንዳች ደቃቅ ነገር ያለ መሰለኝ፤ ግን ከፈረቃ ወጥቼ ዓይኔ በእንቅልፍ ተሞልቶ ስለነበር የወረቀቱ ነገር ነው ብዬ አለፍኩት። ወደ ጎንደር ለሚሄድ ጎረቤት ሰጠሁት።

ከወር በኋላ እህቴ ደወለች። ሰላም እንኳ አላለችኝም።

«እምዬ ፊቷ ላይ የወጣባት ምንድነው?»

ምንም አልወጣባትም አልኳት። ቀይና አረንጓዴ ነገር ጉንጯንና አንገቷን ሞልቶታል፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፣ ቆዳዋ ፈንጣጣ እንደበላው ሆኗል አለችኝ። ጎረቤት ሁሉ አይቶ ደንግጧል። ካሜራው ነው ብዬ አስረዳኋት። ካሜራ ቀሚሷንና ግድግዳውን ትቶ ፊቷን ብቻ ያሳምማል ወይ አለችኝ። እውነቷን ነበር የምትጠይቀው፤ በነጩ ቀሚስ ላይ ብዙም አይታይም፤ ጥላ ባለበት በፊቷ ላይ ነው የበረታው። ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት፤ እናቴም ደህና ነኝ፣ አንድም ያመመኝ የለም ብላ ማለች። እህቴ ግን ድምፅ ሊያታልል ይችላል፣ ፎቶ አያታልልም ብላ ደመደመች።

የእኛን ወግ የማያውቅ ሰው ይህን እንደ ግትርነት ሊያየው ይችላል። እኛ ዘንድ ሩቅ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም። ሕመም ይደበቃል፣ ሞት ይደበቃል፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ሰው በሰው መሃል ሆኖ ነው መርዶ የሚረዳ። ስለዚህ «ደህና ናት» የሚለው ቃል ሩቅ ላለ ሰው ምንም ማለት አይደለም። የታመመችም ደህና ናት፤ የሞተችም ደህና ናት። እህቴ በዚህ ያደገች ናት፤ እኔም እንደዚያው።

በዚያ ሰሞን አውቶቡስ ተሳፍራ አዲስ አበባ ወረደች። ፎቶውን ይዛ ጉዳያችንን ከሚያይ ቢሮ በር ላይ ቆመች። እናቴ እየሞተች ነው፣ ፊቷን እዩ፣ ቶሎ ልድረስ ብላ ለመነች። የተቀበላት ሰው ፎቶ ማስረጃ አይሆንም፣ ከእስራኤል የሐኪም ደብዳቤ ይምጣ አላት። እዚያው ሆና ደወለችልኝና ደብዳቤውን ላክልኝ አለች።

«እታለም፣ የለም። ምንም አላመማትም፤ ሐኪም ምን ብሎ ይጽፋል?»

«እሺ» ብላ ዘጋችው። ሦስት ቀን እዚያው በር ላይ ከረመችና ተመለሰች። ያን ጊዜ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። በመልሱ መንገድ ላይ ጽንሱን አጣችው። ይህን የሰማነው ከባሏ ነው፤ እሷ በአፏ አልነገረችንም። እናቴ ያን ሰሞን እህል አልቀመሰችም። እኔን አንድም ቀን አልወቀሰችኝም፤ ብርማዋን ካሜራ ግን ጠረጴዛ ላይ ስታያት በጨርቅ ትሸፍናታለች።

ለእኔ ያስቀረሁትን ሁለተኛ ቅጂና ካሜራዋን ይዤ ወደ ፎቶ ቤቱ ሄድኩ። ባለቤቱ ከሩሲያ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። በአገራቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ፎቶ ሲያነሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ዕብራይስጣቸው እንደ እኔው ያነክሳል፤ ስለዚህ እርስ በርስ እንግባባ ነበር። ፎቶውን በማጉያ መስታወት አዩና ማሽናቸው እንዳላበላሸው ነገሩኝ። ከዚያ ካሜራዋን ተቀበሉኝ፣ ገለበጧት፣ መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት።

«እናትህ የምትነሳው የት ተቀምጣ ነው?» አሉኝ።

ቤት፣ መስኮት አጠገብ አልኳቸው። ስንት ሰዓት ላይ? ዓርብ ሲመሽ። በፍላሽ? ያለ ፍላሽ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሻጩ ነጥቡን ከመቁጠሩ በፊት ሊጠይቅህ የሚገባው ይህን ነበር አሉኝ። የምታነሳው ሰው የሚቀመጥበትን ብርሃን ሳያውቁ ካሜራ መምረጥ እግር ሳይለኩ ጫማ መግዛት ነው።

ከዚያ ከመደርደሪያው አንድ ጥቁር ካሜራ አውርደው ሌንሱን ፈቱት፤ ውስጡ ያለውን መስታወት አንስተው ከኋላው የተቀመጠውን ነገር አሳዩኝ። የሚያብረቀርቅ፣ አራት ማዕዘን፣ ከደብዳቤ ቴምብር ብዙም የማያንስ። ሴንሰሩ ይህ ነው፤ ፊልሙ የነበረበት ቦታ ላይ ተቀምጦ ብርሃኑን የሚቀበል እሱ ነው አሉ። የእኔዋስ ስንት ታክላለች ብዬ ስጠይቃቸው እስክሪብቶ አነሱና በትንሿ ጣቴ ጥፍር ላይ አራት ማዕዘን ሣሉ። ጥፍሬን አልሞላውም። ስምንቱ ሚሊዮን ነጥብ እዚህ ላይ ተጨናንቆ ነው ያለው፤ የዚያኛው ስድስት ሚሊዮን ደግሞ በዚያ ሰፊ ላይ ተበትኗል አሉኝ።

እኔ ነገሩን በልቤ የተረጎምኩት በመሬት ነው። አባቴ ገበሬ ነበር። ጠባብ ርስት ለስምንት ወንድማማች ሲከፋፈል አይቻለሁ፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው በሬ የማይዞርበት ቁራጭ ነው። ሰፊ መሬት ለስድስት ሲከፋፈል ግን ሁሉም የሚያርሰው ያገኛል። ዝናቡ ብርሃኑ ነው። ዝናብ በጠገበበት ዓመት ቁራጩም ያበቅላል፣ ልዩነቱ አይታወቅም። ዝናብ ባጠረ ጊዜ ግን ቁራጩ ምንም አይሰጥም፤ ሰፊው ትንሽም ቢሆን ያወጣል። የእናቴ ሩብ ሰዓት የድርቅ ሰዓት ነበረች። ብርማዋ ካሜራ ከየነጥቧ የምትለቅመው ብርሃን ስላነሳት ያለችውን በግድ አጎላች፤ አብሮም ከራሷ ያፈራችው ቀይና አረንጓዴ ብናኝ ጎላ። እህቴ ሽፍታ ያለችው ያን ብናኝ ነው።

ሽማግሌው ግን ብርማዋን እንድጠላት አልፈለጉም። ሜዳ ላይ፣ ቀትር ላይ፣ ይህች ከትልቁ ብዙም አታንስም፤ ፎቶውንም ካላሰፋኸው ማንም አይለየው አሉኝ። ኪስ ትገባለች። ትልቁን ከብዶህ ቤት ጥለኸው ከምትወጣ ትንሿ ኪስህ ውስጥ ብትገኝ ይሻላል። ከዚህም የሚበልጥ፣ የድሮውን ፊልም ያህል ስፋት ያለው ሴንሰር አለ፤ እሱ ግን ለአንተ ኪስም ለአንተ ትከሻም አይሆንም። ላንተ የሚሆንህ መካከለኛው ነው፣ ሌንሱ ደግሞ ብርሃን በደንብ የሚያስገባ ይሁን አሉኝ። ከደንበኞቻቸው አንዱ አዲስ ስለገዛ አሮጌውን እንዲሸጡለት ትቶላቸው ነበር። እሱን አስቀመጡልኝ፤ እኔም አንድ ክረምት ሙሉ የትርፍ ሰዓት ፈረቃ ሠርቼ ወሰድኩት።

በዚያ ካሜራ እናቴን ያነሳሁበትን ዓርብ አልረሳውም። ያው ወንበር፣ ያው ሰዓት፣ ያው አምፖል። ሸለቆው ላይ ሰማዩ ብርቱካን መስሏል። ታች ያለች ጎረቤታችን በደረጃው ወጥታ ጨው ልትበደር መጣችና ስታያት «ሙሽራ ሆነሻል!» አለቻት። እናቴ ሳቀች። አፏን በነጠላዋ ጫፍ እየሸፈነች፣ እንደገና እየገለጠች ሳቀች። እኔ ሳላቋርጥ አነሳሁ፤ ሠላሳ ያህል ፎቶ ሆነ። አንዱ ላይ ወደ መስኮቱ ዞራለች፤ አንዱ ላይ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ታያለች፤ አንዱ ላይ ጎረቤቷን እየተቆጣች ነው። ሽማግሌው ሲያትሙት በትልቁ አደረጉት። የቅንድቧ ጸጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጉንጯ ጉንጭ ነው፤ ጥላውም ጥላ ነው።

ሦስቱን መርጬ ላክሁ። እህቴ ስትደውል ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆኗል። አሁን አየኋት አለችኝ። ድናለች፣ ወዟ ተመልሷል፣ ምን አበላችኋት አለች። አልታመመችም ነበር ብል የሚሰማኝ ስለሌለ አዎ ድናለች አልኩ። ከዚያ በኋላ እህቴ ወደዚያ ቢሮ መመላለሱን ተወችው። ተራዬ ሲደርስ እሄዳለሁ፣ እናቴ ደህና ናት፣ ለምን እቸኩላለሁ ትል ጀመር። ቆይታም እንደገና አረገዘች።

በዓመቱ፣ ሙቀቱ ሳይበርድ፣ እናቴ እህል ጠላች። መጀመሪያ የፀሐዩ ነው አልን። ከዚያ የዓይኗ ነጩ ቢጫ ሆነ። ኩፓት ሆሊም በሚሉት የጤና መድን ክሊኒክ ያለችው ሐኪም አይታት በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ላከቻት። ጉበቷ ነበር፤ ከጉበቷም አልፎ ሄዷል። ሆስፒታል ውስጥ የቤተሰብ ጉዳይ የምታየው ሴት ጠራችኝና ከውጭ አገር ሊመጣላት የሚገባ ልጅ እንዳላት ጠየቀችኝ። እህት አለችኝ አልኳት። እንግዲያው ሐኪሙ ደብዳቤ ይጻፍላችሁ፣ በዚህ ዓይነት ሁኔታ ለጉብኝት እንኳ የሚፈቅዱበት ጊዜ አለ፣ ቃል አልገባልህም ግን ሞክሩት አለችኝ። በማግሥቱ ደብዳቤው ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ በእጄ ገባ።

ለእናቴ ነገርኳት። አልጋው ላይ ቀና ብላ ተቀመጠች።

«ስንት ወሯ ነው?»

አምስት ወር ሊሆናት ነው አልኳት።

«ያንን ደብዳቤ ብትልክ ነገ አዲስ አበባ ትወርዳለች። ያን ጊዜ በሌለ በሽታ ልጇን መንገድ ላይ አስወጣሁባት። አሁን ባለው ደግሞ? አይሆንም። ሳልሞት ልማልልህ፣ ብትልክ ልጄ አይደለህም።»

ለባሏ ብቻ በምስጢር ልንገር፣ አውቶቡስ ትቶ በአውሮፕላን ይውሰዳት፣ እኔ እከፍላለሁ ብል ይሆን ነበር። ይህ ሐሳብ ያን ጊዜ አልመጣልኝም፤ የመጣልኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ደብዳቤውን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ከሆስፒታል ለጥቂት ቀን ወደ ቤት ስትመለስ ዓርብ ነበር። እንደ ልማዷ ነጩን ቀሚስ አልብሱኝ አለች፤ ሰፍቷት ትከሻዋ ላይ ይንሸራተታል። ወንበሯ ላይ አስቀመጥኳት። ካሜራውን ያነሳሁት ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ እጄ ስለለመደ ይሆናል። አንድ ጊዜ ብቻ አነሳኋት። ካሜራው አልዋሸም። የዓይኗን ቢጫ፣ የከንፈሯን ድርቀት፣ የጉንጯን አጥንት፣ ሁሉን እንዳለ አወጣው። አሳየኝ አለችና አሳየኋት።

«ይቺን እንዳትልክ» አለች። «ያችን የቀድሞዋን ላክላት። የምስቅባትን።»

ከሠላሳው ውስጥ ገና ያልተላኩ ብዙ ነበሩ። አንድ አሳትሜ ላክሁ። እናቴ ዓርብ ዓርብ የምትለብሰው ያንኑ ቀሚስ ስለሆነ ልብሱ አያጋልጥም። እህቴ ደወለችና አማረባት አለች። ደግሞም ሌላ ላክሁ።

እናቴ በዚህ አገር የክረምት ብርድ፣ ሸለቆው ጉም ለብሶ በነጋበት ቀን አረፈች። አፉላ ቀበርናት፣ ሰባቱን ቀን ተቀመጥን። ለቅሶ ላይ ሽማግሎች ስለ እህቴ ተመካከሩ። እስክትወልድ አይነገራት ተባለ። ወለደች፤ አራስ ናት፣ ወተቷ ይደርቃል ተባለ። በዚያው ሰሞን ስንት ዓመት ያለቀስንበት ፈቃድ ወጣ፤ እንግዲያው እዚህ መጥታ በዘመድ መሃል ትረዳ ተባለ። በእያንዳንዱ ምክር ላይ ነበርኩ፤ በእያንዳንዱም ላይ እሺ ብያለሁ። ስትደውል ተኝታለች እንላለን፤ ሐኪም ቤት ሄዳለች እንላለን፤ ጆሮዋ ደክሟል፣ ስልክ አይሰማትም እንላለን። እንዳትጠረጥርም ፎቶ እልካለሁ። ከቀብሩ በኋላ ሦስት ፎቶ ልኬላታለሁ። ሽማግሌው ፎቶ አታሚ ሦስተኛውን ሲሰጡኝ እናትህ እንዴት ናት አሉኝ። ደህና ናት አልኳቸው። ለእሳቸው የምዋሽበት ምክንያት አልነበረም፤ አፌ ግን ያን ብቻ ለምዶ ነበር።

እህቴ በበጋ መጣች። የመጀመሪያዋን ሌሊት መርካዝ ክሊታ በሚሉት የአዲስ መጤዎች መኖሪያ አሳደሯት፤ እናቴ ለምን አልመጣችም ብላ ጠይቃ ደረጃ መውረድ አትችልም ብለናታል። ማልደን፣ አሥራ አምስት ያህል ዘመድ ሆነን በሯን አንኳኳን። ከፈተች። ሁላችንንም በአንድ ጊዜ አየችን። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባት፤ በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው ለሌላ ነገር አይመጣም። ሕፃኑን ለባሏ ሰጥታ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ያን ቀን ያለቀሰችውን ለቅሶ አልጽፈውም። የምጽፈው ሰባቱ ቀን ሊያልቅ ሲል የሆነውን ነው። ቦርሳዋን ከፍታ ከጥቁሩ ካሜራ ወዲህ የላክሁላትን ፎቶዎች ሁሉ አወጣችና ምንጣፉ ላይ አንድ በአንድ ደረደረቻቸው። በፎቶዎቹ ላይ ከእናቴ በስተጀርባ ግድግዳው ላይ የኩፓት ሆሊም ቀን መቁጠሪያ ይታያል፤ የዚያ ወር ሥዕሉ የሱፍ አበባ ማሳ ነው። በሁሉም ፎቶ ላይ ያው ማሳ ነው። ጎንደር ሳለሁ አይቼዋለሁ፣ ግድግዳ ላይ የሰቀላችሁት ሥዕል መስሎኝ ነበር አለችኝ። አሁን ግን እዚህ በየቤቱ ስትገባ ገጹ በየወሩ የሚገለበጥ መሆኑን አይታለች።

«እነዚህ ሁሉ የአንድ ቀን ናቸው?»

አዎ አልኳት። መቼ እንደሆነ ጠየቀች፤ ነገርኳት። እናቴ መቼ እንደታመመች ጠየቀች፤ ያንንም ነገርኳት። ሐኪም ደብዳቤ አልጻፈም ወይ አለች። ከዚህ በኋላ አንድም ነገር ላለመደበቅ ወስኜ ስለነበር መሳቢያው ውስጥ ያለውን ነገርኳት። የእናቴን መሐላም ነገርኳት። ፎቶዎቹን አንድ ላይ ሰበሰበች።

«በለመንኩህ ጊዜ ደብዳቤ የለም አልከኝ። ሲኖር ደግሞ ፎቶ ላክህልኝ» አለች።

ደብዳቤውን ብልክ በሩ ይከፈት እንደነበር ዛሬም አላውቅም። ምናልባት ሌላ ወረቀት ይጠይቋት ነበር። ምናልባት ሁለተኛውንም ልጅ መንገድ ላይ ታጣው ነበር። ሕፃኑ ያን ሰዓት ምንጣፉ ላይ እየዳኸ ፎቶዎቹን ሊይዝ ይታገል ነበር፤ እናቴ ለእሱ ብላ ነው የማለችው፣ በዚህም አልፈርድባትም። ግን በሩን ሳላንኳኳ የተመለስኩት እኔ ነኝ። ተበላሽቶ የወጣ ፎቶ ልኬ በከንቱ አስሮጥኳት፤ ጥርት ያለ ፎቶ ልኬ መሮጥ በነበረባት ጊዜ አስቀመጥኳት።

ዓመት ያህል አላናገረችኝም። አፉላ ኢሊት የሚባል ሰፈር ቤት አገኙ፤ በባሏ በኩል ነው ደህና መሆናቸውን የምሰማው። በዚያ ዓመት ያገራችን ሰዎች ካሜራ ሊገዙ ሲሉ ይጠይቁኛል፤ እኔም ሽማግሌው እንዳስተማሩኝ ማንን፣ የት፣ በምን ብርሃን ልታነሱ ነው እላቸዋለሁ። ልጄን መናፈሻ ውስጥ ለሚል ትንሿን ውሰድ እላለሁ። ሠርግ አዳራሽ ውስጥ ለሚል ሴንሰሩ ሰፊ የሆነውን እላለሁ። ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። እኔ ግን ካሜራዬን ቦርሳው ውስጥ እንደዘጋሁት ነበር።

የእናቴ ሁለተኛ ሙት ዓመት ሊደርስ ሲል እህቴ ብቻዋን መጣች። ሻይ አቀረብኩላት፣ አልጠጣችውም። ታማ እያለች ያነሳኸው አለ ወይ አለችኝ። አንድ አለ አልኳት። አሳየኝ አለች። ኮምፒውተሩን ከፍቼ አወጣሁት። ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ ተቀመጠች። ፊቷን ሁሉ አየችው፤ ከግንባሯ ጀምራ፣ በዓይኗ፣ በጉንጯ፣ እስከ አንገቷ። ቢጫውን ነገር በጣቷ ነካችው። ያማት ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሌሊት ሌሊት ያማት ነበር አልኳት። ምን ትበላ ነበር? ማን ያጥባት ነበር? እኔን ስትጠራ ምን ብላ ነው የምትጠራኝ? ሁሉንም እንደነበረ ነገርኳት። የመጨረሻዋን ሳምንት እንደ ልጅ እየቆጠርን፣ ከእሑድ እስከ ዓርብ፣ ሙሉውን ነገርኳት። እያለቀሰች አዳመጠችኝ፤ አላቋረጠችኝም።

ስትነሳ ይህን አሳትምልኝ አለች። አሳተምኩላት። መኝታ ቤቷ ውስጥ፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ እንዳስቀመጠችው ባሏ ነግሮኛል። ግድግዳ ላይ አልሰቀለችውም።

አሁን እንነጋገራለን። በበዓል እንገናኛለን፣ እሷ ለእኔ ሳህን ታቀርባለች፣ እኔ ልጇን አቅፋለሁ። ልጁ ካሜራ ይወዳል፤ ሲያየኝ አንሳኝ እያለ ፊቴ ይቆማል፣ አነሳዋለሁም። ባሏንም ከልጁ ጋር አንስቻለሁ። እሷ ግን ካሜራውን ከቦርሳው ሳወጣ አንድ ነገር የረሳች መስላ ወደ ማዕድ ቤት ትገባለች፤ እስክመልሰውም ድረስ አትወጣም። እኔም ቶሎ እመልሰዋለሁ።